አሮጌዋን መኪና ሆት ሮድ እናድርጋት ወይስ እንደነበረች እንመልሳት? ከመቁረጥ በፊት የሚደረግ ምርመራ

«ቮልስ አለችኝ፣ ምን ሞተር ልግጠምባት?» ጎንደር ውስጥ አሮጌ መኪና ካላቸው ሰዎች ደጋግሞ የሚመጣልን ጥያቄ ይህ ነው። አንዳንዱ በቮልስ ፈንታ ሰይቼንቶ (ፊያት 600) ይላል፣ ሌላው ፔጆ 404፣ ሌላው የአባቱን ላዳ። ለሁሉም የምንመልሰው አንድ ነው፦ የሞተር ጥያቄ ሰባተኛ ነው። ከእሱ የሚቀድሙ ስድስት ጥያቄዎች አሉ፤ ብዙ ጊዜ ውሳኔው እዚያው ያልቃል።

ሆት ሮድ ስንል አሮጌ አካል ላይ ጉልበት ያለው ሞተር የተገጠመባት፣ ክብደቷ የተቀነሰ፣ ብዙውን ጊዜም ዝቅ እንድትል የተደረገች መኪና ማለታችን ነው። ምርመራው ሲያበቃ ከሦስት መልሶች አንዱን ይዛችሁ ትወጣላችሁ፦ እንደነበረች መመለስ፣ ሳይቆረጥ ማሻሻል (ተፈትቶ ተመልሶ የሚገባ ነገር ብቻ)፣ ወይም ሙሉ ሆት ሮድ። ቅዳሜና እሁድ ይበቃል። ግራይንደር አያስፈልግም፤ ግቢ ውስጥ ካለም ከሶኬቱ ነቅላችሁ አርቁት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- 5 ሜትር የሚደርስ ሜትር፣ ቱምቢ፣ ጠመኔ
- ማግኔት (ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ይበቃል) እና ስስ ጨርቅ
- ጠፍጣፋ፣ አሮጌ ካቻቢቴ
- የኮምፕሬሽን መለኪያ፤ ከሌላችሁ ከመካኒክ ተዋሱ
- የካንዴላ ቁልፍ፣ መርፌው የወጣለት 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ጥቂት የሞተር ዘይት
- ክሪክ፣ 4 የብረት ማቆሚያ፣ ለጎማ መወተፊያ 4 የእንጨት ሽብልቅ
- 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ጣውላ
- 10 ሊትር ውሃ በጀሪካን
- የእጅ ጓንት፣ መነጽር፣ ደብተር፣ ስልክ

ማስጠንቀቂያ

መኪና ሥር በክሪክ ብቻ አትግቡ። ክሪኩን በብሎኬት መደገፍም ያው ነው፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ በአንድ ጊዜ ይፈረካከሳል። የጎንደር ግቢ ደግሞ ደልዳላ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው፤ ሽብልቁን በቁልቁለቱ በኩል ወትፉ።

የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። ታምቡሮ (የፍሬን ከበሮ) ስትከፍቱ አቧራውን በኮምፕረሰር አትንፉት፤ ውሃ ረጭታችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። የድሮ ቀለምም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ደረቁን አትፈትጉት።

1. ሊብሬውን አውጡ

የሻንሲ ቁጥሩንና የሞተር ቁጥሩን መኪናዋ ላይ ከተመታው ጋር ቁጥር በቁጥር አስተያዩ። የቮልስ ሻንሲ ቁጥር ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሀል ለመሀል በሚሄደው ጉብታ ላይ ነው። የሞተር ቁጥሩ ደግሞ ዲናሞው ከቆመበት እግር ሥር፣ ሞተሩ ብረት ላይ ተመትቷል። በግሪስ ከተሸፈነ ናፍጣ በነካው ጨርቅ ጥረጉት። በብረት ብሩሽ ወይም በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጉት፤ የተፋቀ ቁጥር ሆን ተብሎ የተሰረዘ ይመስላል፣ ያንን ለተቆጣጣሪ ማስረዳት ቀላል አይደለም።

ይህ ለምን ቀደመ? ሞተር ስትቀይሩ ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ውሸት ይሆናል። በዓመታዊ ምርመራ ቦሎ የሚከለክላችሁ፣ ስትሸጡም ገዢውን የሚያስፈራው ይኸው ነው። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የሚያየው መኪናችሁን በእነዚህ ቁጥሮች ነው። ስለዚህ ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት መኪናዋ ወደተመዘገበችበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሂዱና ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ለሞተር ቅያሪ ምን ሰነድ እንደሚፈልጉ፣ የአካል ቅርጽ ለውጥስ አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ። ጥያቄውን በማመልከቻ አስገቡ፣ ቅጂውን አስቀሩ። በቃል የተሰጠ «ችግር የለም» የተናገረው ሰው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ሊብሬው በሟች አያት ስም ከሆነ እዚህ ላይ ቁሙ። መጀመሪያ የውርሱ ጉዳይ ይለቅ። በሌላ ሰው ስም ያለች መኪና መቁረጥ የቤተሰብ ጠብ መግዛት ነው።

2. ምን ያህሉ የራሷ እንደሆነ ቁጠሩ

እነዚህን አስሩን ጻፉና አብረዋት ከፋብሪካ የወጡትን ምልክት አድርጉ፦ ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ኮፈን፣ በሮች፣ ፓራፋንጎ፣ መስታወቶች፣ የፊት መብራት ቤት፣ ዳሽቦርድና ቆጣሪ፣ መሪ፣ የውጭ ኒኬል ጌጥ።

7 እና ከዚያ በላይ ካገኛችሁ ምክራችን አትቁረጡ ነው። ምክንያቱ የስሜት ጉዳይ አይደለም። ሞተር ይገኛል፣ ጎማ ይገኛል። የ404 የኋላ መብራት ወይም ያልተሰነጠቀ የሰይቼንቶ ዳሽቦርድ ግን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ወርዳችሁም ላታገኙ ትችላላችሁ። ሙሉ መኪና ስትቆርጡ ዋጋዋን የሚሸከሙትን ዕቃዎች ነው የምትበትኑት። 4 እና ከዚያ በታች ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፦ እንደነበረች ለመመለስ የሚጎድሏችሁን ዕቃዎች ለመፈለግ ዓመታት ይሄዳሉ፣ ሆት ሮድ ግን በጎደሎ መጀመር ይችላል። በመሀል ያሉት ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ከጣሊያን ወረራ ዘመን የተረፈ ፊያት፣ ቶፖሊኖም ይሁን ባሊላ፣ እጃችሁ ላይ ካለ ቆጠራው አይመለከታችሁም። እሱን አትንኩት።

3. ዝገቱን ፈልጉ

ማግኔቱን በስስ ጨርቅ ጠቅልሉና አካሏን ዙሩ፤ ከበር ሥር፣ ከጎማ ቅስት ዙሪያ፣ ከመብራቶቹ በታች። ማግኔቱ ከላላ ወይም ከወደቀ ሥሩ ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ (የተለጠፈ መሙያ) ነው። ቦታውን በጠመኔ አክብቡ። ቀጥሎ ምንጣፉን ሁሉ አውጡና ወለሉን በካቻቢቴ ጫፍ ጠንከር አድርጋችሁ ውጉ። ጤነኛ ላሜራ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ካቻቢቴውም ያንሸራትታል። የበሰበሰው ደፈን ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ አንዳንዴም ካቻቢቴው እስከ እጀታው ይገባል።

ቮልስ የምትበሰብስባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። አንደኛው ከኋላ ወንበር ሥር ባትሪው የተቀመጠበት የቀኝ ወለል ነው፤ አሲዱ ይበላዋል። ሁለተኛው በሁለቱም ጎን ከበሮቹ ሥር የሙቀት አየር የሚሄድበት ሳጥን ነው። ይሄኛው ክፉ ነው፣ ምክንያቱም አካሉ ከወለሉ ጋር የሚታሰረው በእሱ ላይ ነው፤ ከበሰበሰ መኪናዋ መሀሏ ላይ ትታጠፋለች። ሦስተኛው ከፊት ስኮርት ጎማ የሚተኛበት ነው። ሰይቼንቶ ላይ ደግሞ ክሪክ የሚያዝባቸውን ቦታዎችና ከፊት አግድም ያለው ባሌስትራ (ጠፍጣፋ የብረት ሞላ) የታሰረበትን ብረት ውጉ።

ከዚያ ውሃው። አንድ ሰው ውስጥ ባትሪ መብራት ይዞ ይቀመጥ፣ ሌላው ከፊት መስታወቱ በላይ 10 ሊትሩን ቀስ ብሎ ያፍስስ። ውሃው የሚገባበት ቦታ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የጎንደር ክረምት ሁልጊዜ የሚረጥብ ቦታ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ላሜራ ድጋሚ ውጉት።

እንዴት እንደሚፈረድ፦ የበሰበሰው በር፣ ፓራፋንጎና ጠፍጣፋ ወለል ከሆነ ጎበዝ ባትላሜራ ይሠራዋል። የሞላ፣ የባሌስትራ ወይም የመሪ ማሰሪያ ያለበት ብረት ከሆነ ያ ብረት ሳይታደስ ጉልበት መጨመር የተከለከለ ነው። የቮልስ የድሮ ሞተር 34 የፈረስ ጉልበት ያልበጠሰውን አዲሱ ይበጥሰዋል።

4. በቱምቢ ቀጥታዋን ለኩ

ይህን ደረጃ የሚዘለው ሰው ብዙ ነው፤ ወጪው ጠመኔ ብቻ ሆኖ ሳለ።

መኪናዋን ለስላሳ ሲሚንቶ ላይ አቁሙ፣ ጎማዎቿ እኩል ይነፉ። ከሥሯ ግራና ቀኝ ፍጹም የሚመሳሰሉ ሁለት ነጥቦች ከፊት፣ ሁለት ከኋላ ምረጡ። ቮልስ ላይ የፊት አክሰሉ ሁለት ጫፎችና የኋላው አግድም ቱቦ ሁለት ጫፎች ይሆናሉ፤ ሌሎቹ ላይ ፋብሪካ የበሳቸው ተመሳሳይ ቀዳዳዎች ፈልጉ። ከእያንዳንዱ ነጥብ ቱምቢውን አውርዱ፣ መወዛወዙን ሲያቆም ጫፉ ያረፈበትን ቦታ በቀጭን መስቀል ምልክት አድርጉ። አራቱ ሲያልቁ መኪናዋን ገፍታችሁ አውጧት። አሁን ሲሚንቶው ላይ አራት መስቀል ቀርቷል። ከፊት ግራ ወደ ኋላ ቀኝ፣ ከፊት ቀኝ ወደ ኋላ ግራ ለኩ።

እስከ 5 ሚሊ ሜትር ልዩነት ከእጃችሁ ሊሆን ይችላል፣ ድጋሚ ለኩ። ከ10 ካለፈ መኪናዋ አንድ ቀን ተመትታ ሻንሲዋ ዞሯል። በተጨማሪ በግራና በቀኝ ከፊት ጎማ መሀል እስከ ኋላ ጎማ መሀል ያለውን ለኩ፤ መሪው ቀጥ ይበል። ቮልስ 2400፣ ሰይቼንቶ 2000፣ ፔጆ 404 2650፣ ላዳ 2101 2424 ሚሊ ሜትር ነው መሆን ያለበት።

ምክንያቱ ይህ ነው፦ አዲስ ሞተር ሲገባ ማሰሪያው የሚለካው ከሻንሲው ነው። ሻንሲው ከዞረ ሞተሩ ዞሮ ይቀመጣል፣ የካርዳኑ ዘንግ ዞሮ ይሽከረከራል፣ እናንተም መንቀጥቀጡን ከጎማ ባላንስ ስትፈልጉ ትከርማላችሁ። የዞረ ሻንሲ ማቃናት መሣሪያ ያለው ጋራዥ ይጠይቃል፤ ያ እስኪገኝ ሙሉ ሆት ሮድን ከዝርዝሩ ሰርዙ።

5. ያለው ሞተር እውነት ሞቷል?

ጎንደር ውስጥ በስህተት የሚገደል ሞተር ብዙ ነው። ምክንያቱ ከፍታው ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2100 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 78 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የኮምፕሬሽን መለኪያው የሚያሳየውም በዚያው ልክ ይወርዳል። መጽሐፉ 100 ፒ.ኤስ.አይ. የሚለው እዚህ 78 ነው፤ 120 የሚለው 94፤ 130 የሚለው 101። መካኒኩ 80 አንብቦ «ሞቷል» ሲል ጤነኛ ሞተር እየቀበረ ሊሆን ይችላል።

አለካኩ እንዲህ ነው፦

ሀ. ሞተሩን አሙቁ፣ አጥፉ፣ የቦቢናውን (ለካንዴላ ብልጭታ የሚሰጠውን) ሽቦ ንቀሉ። ካልነቀላችሁት ከክፍት ካንዴላ ቀዳዳ በሚወጣ የቤንዚን ጭስ ላይ ብልጭታ ትጨምራላችሁ።

ለ. አራቱንም ካንዴላ አውጡ። አንዱን ብቻ አውጥቶ መለካት ሞተሩን ያዘገያል፣ ንባቡም ይወርዳል።

ሐ. ነዳጅ መስጫውን እስከ ታች ይዛችሁ በሞተሪኖ (በማስነሻው) 6 ዙር አዙሩ። መርገጫው ካልተረገጠ አየር አይገባም፣ ቁጥሩ ውሸት ይሆናል።

መ. አራቱንም ጻፉ። ከቁጥሩ ከፍታ ይልቅ ልዩነቱን እዩ፤ ዝቅተኛው ከከፍተኛው ከ15 እስከ 20 በመቶ በላይ ካነሰ የዚያ ሲሊንደር ቫልቭ፣ ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) ወይም ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ችግር አለበት።

ሠ. ባነሰው ሲሊንደር 5 ሚሊ ሊትር ዘይት በሲሪንጅ ጨምራችሁ ድጋሚ ለኩ። ቁጥሩ ከዘለለ ፋሻው አልቋል፤ ካልተንቀሳቀሰ ቫልቭ ነው። ቮልስ ላይ ይህን አትመኑ፦ ሲሊንደሮቿ የተኙ ስለሆኑ ዘይቱ ወደ ታች ይወርድና ፋሻውን ዙሪያውን አይዘጋውም። ለእሷ ኮምፕረሰር አምጡ፣ ፒስቶኑን ላይ አድርሳችሁ በካንዴላው ቀዳዳ አየር ስጡና አዳምጡ። በማርሚታው ከተነፈሰ የጭስ ማውጫ ቫልቭ፣ በካርቡራተሩ ከሆነ የማስገቢያ ቫልቭ፣ በዘይት መሙያው ከሆነ ፋሻ ነው።

ቮልስ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፦ ሞተሩ ጠፍቶ ከኋላ ያለውን ፑሌጃ (የቺንጋ መዘውር) በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉና ሳቡ። ጤነኛው ላይ እንቅስቃሴው በእጅ አይታወቅም፤ 0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፣ መጨረሻው 0.15። «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ መከፈት አለበት።

ልኬቱ ደህና ከሆነና መኪናዋ ግን ዳገት ላይ ከደከመች ካንዴላዎቹን እዩ። ጥቀርሻ የለበሱ ከሆኑ ለዝቅተኛ ቦታ የተመጠነው ካርቡራተር እዚህ ቀጭን አየር ላይ ቤንዚን እያበዛ ነው። ዋናውን ጄት (ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚመጥነውን ቀዳዳ) በአንድ ወይም በሁለት ቁጥር ዝቅ አድርጉ፣ 50 ኪሎ ሜትር ንዱ፣ ካንዴላውን ድጋሚ እዩ፤ ቡናማ መሆን አለበት። አንዳንዱ ሰው ሆት ሮድ ያስፈልገኛል ያለው ጄት ፈልጎ ነው።

6. መንገዳችሁንና ፍሬናችሁን ለኩ

ዝቅ ያለች መኪና ፎቶ ላይ ታምራለች። ከመወሰናችሁ በፊት ግን ከቤት እስከ ሥራ ያለውን ክፉ የፍጥነት መቀነሻ ፈልጉ። ጣውላውን ጀርባው ላይ አጋድሙት፣ አስተካክላችሁ ያዙት፣ በሁለቱ ጫፍ እስከ አስፋልቱ ያለውን ለኩና አማካዩን ውሰዱ። በዚያ ላይ ለተሳፋሪና ለሞላ መጨመቅ 40 ሚሊ ሜትር ጨምሩ። ያ ቁጥር መኪናችሁ ከሥሯ ሊኖራት የሚገባው ትንሹ ክፍተት ነው። ቮልስ ከፋብሪካ 150 ሚሊ ሜትር ገደማ አላት። ጉብታው 110 ከሆነ ዝቅ ማድረግ የምትችሉት ዜሮ ነው። የሰፈር ውስጥ ኮብልስቶንም ላይ አስቡ።

የኋላ አክሰሏ የሚወዛወዝ የቀድሞ ዓይነት ቮልስን ዝቅ ካደረጋችሁ ጎማዎቿ ከላይ ወደ ውስጥ ያጋድላሉ፣ የውስጥ ጥርሳቸው ቶሎ ያልቃል። ኩርባ ላይ በፍጥነት ስትዞሩ ደግሞ የውጭው ጎማ ከሥሯ ሊታጠፍ ይሞክራል። ጉልበት ሲጨመር ይህ ይብሳል።

ፓራፋንጎ ማውለቅን በተመለከተ፣ ሐምሌ ላይ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ አንድ ጊዜ መውጣት ይበቃል፤ ጭቃው በሙሉ የፊት መስታወታችሁ ላይ ነው። ተዉት።

ፍሬን እንዲህ ይፈተናል። ደረቅ፣ ቀጥ ያለ፣ ሰውና ከብት የሌለበት አስፋልት ላይ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ምልክት ካደረጋችሁበት ቦታ ላይ ርገጡ። ከ12 ሜትር በላይ ከሄደች ፍሬኑ አሁን ላለው ሞተር እንኳ አይበቃም። ወደ አንድ ጎን ከሳበች የአንዱ ጎማ ፖምፔታ (ሸራውን የሚገፋው ትንሽ ፖምፓ) ተይዟል ወይም ሸራው ዘይት ነክቶታል። ከዚያ ሳታሳርፉ 6 ጊዜ ደጋግሙ። ስድስተኛው ከመጀመሪያው የረዘመ ከሆነ ታምቡሮው ሙቀቱን ማስወጣት አቅቶታል። ከደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን መውረድ ከስድስት ጊዜ በላይ ያስረግጣል።

ስሌቱን ያዙት፦ ፍጥነት ከ60 ወደ 90 ሲያድግ ፍሬኑ የሚያቃጥለው ጉልበት 2 እጥፍ ከሩብ ይሆናል። ስለዚህ ሞተር የምትጨምሩ ከሆነ የፊት ዲስክ ፍሬን የግድ ነው። ሌላም አለ፦ በፈረንጆች አቆጣጠር ብዙ የ1960ዎቹ መኪናዎች ዋና የፍሬን ፖምፓቸው አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፤ አንድ ጎማ ላይ ያለ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀራል። ባለ ሁለት መስመር ፖምፓ ግጠሙ፣ ዘይቱን በሙሉ አውጥታችሁ ዶት 4 ሙሉ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የሳበ ዘይት ቁልቁለት ላይ ሲፈላ መርገጫው ወለል ይነካል።

7. አሁን ሞተር

ከፍታው ማንኛውንም ቱርቦ የሌለው ሞተር 20 በመቶ ገደማ ይቀንሰዋል። ወረቀት ላይ 50 ያለው እዚህ 40 ነው። ይህን እያሰባችሁ ከመጀመሪያው ጉልበት 2 እጥፍ በላይ አትለፉ፤ ከዚያ በላይ ካምቢዮው፣ ዲፈረንሻሉና የኋላ አክሰሉም ይቀየራሉ፣ ያኔ የቀራችሁ አሮጌ ነገር በሩ ብቻ ነው።

ለቮልስ የምንመክረው የራሷን ቤተሰብ ነው። 1192 ሲሲው 34 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ 1584 ሲሲው 50 አለው፣ የሚታሰረውም በእነዚያው በአራት ብሎኖች ነው። ሰው የሚሳሳትበት ግን እዚህ ነው፦ የ6 ቮልቱ ቮላኖ (ሞተሪኖው የሚያዞረው ባለ ጥርስ ከባድ ክብ ብረት) 109 ጥርስ፣ የ12 ቮልቱ 130 ጥርስ ነው። ትልቁ ቮላኖ በድሮው የካምቢዮ ቤት ውስጥ ስለሚነካ ቤቱ ከውስጥ መፋቅ አለበት፤ ሞተሪኖውም፣ የሞተሪኖው ቡሽም፣ ፍሪሲዮኑም ከ180 ወደ 200 ሚሊ ሜትር አብረው ይቀየራሉ። ይህን ሳያውቁ ሞተሩን ብቻ የገዙ ሰዎች ሁለት ጊዜ ያወርዱታል።

ለሰይቼንቶ፣ 633 ሲሲ ከሆነች የ767ቱን ሞተር ፈልጉ። መኪናዋ 600 ኪሎ አካባቢ ናት፣ ሞተሯም ከኋላ ጎማ በስተጀርባ ተንጠልጥሏል። ከበድ ያለ ሞተር ስትጨምሩ አፍንጫዋ ይቀላል፣ እርጥብ አስፋልት ላይ መሪው መያዝ ያቆማል። ከመወሰናችሁ በፊት ምድር ሚዛን ላይ የፊት ጎማዎቿን ብቻ፣ ከዚያ የኋላዎቹን ብቻ አስመዝኑ።

የፔጆ 404 ካርዳን በወፍራም ቱቦ ውስጥ ታሽጎ ከኋላ አክሰሉ ጋር አንድ አካል ነው። የሌላ ፋብሪካ ካምቢዮ ስታስገቡ አክሰሉ በሙሉ አብሮ ይሄዳል። 1618 ሲሲውን በ504 ሞተር መተካት ግን ዘመድ በዘመድ ነው።

ላዳ ከሁሉም ትቀላለች። ሞተሯ ከፊት፣ ካርዳኗ ክፍት ነው። የኒቫ 1690 ሲሲ ሞተር ያው ቤተሰብ ስለሆነ በቦታው ይገባል። ቶዮታ የምትሉ ከሆነ 5ኬ፣ 1486 ሲሲ፣ ያለ ኮምፒውተር የሚሠራና መለዋወጫው የሚገኝ ነው።

ሞተሩን ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ ጋር ሄዳችሁ ርዝመቱን ከቬንቲላተር ጫፍ እስከ ካምቢዮ ማሰሪያ፣ ከፍታውን ከዘይት ድስት እስከ ካርቡራተር፣ ወርዱን ከማኒፎልድ እስከ ዲናሞ ለኩ። በእነዚያ ልኮች ካርቶን ቆርጣችሁ ሳጥን ሥሩና ሞተር ቤቱ ውስጥ አስቀምጡ። ኮፈኑ ይዘጋል? ድስቱ አግድም ብረቱን ይነካል? የመሪው ዘንግ የት ያልፋል? ከቬንቲላተር እስከ ራዲያተር 25 ሚሊ ሜትር ይቀራል? የካርዳኑን ማዕዘን በስልክ ደረጃ መለኪያ እዩ፦ በሁለቱም ጫፍ ከ3 ዲግሪ አይለፍ፣ በመሀላቸውም ከ1 ዲግሪ በላይ አይለያዩ።

በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ከሆነ ጎንደር ላይ ውሃ በ93 ዲግሪ እንደሚፈላ አስታውሱ። የራዲያተሩ ክዳን 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ከሆነ ይህ ወደ 115 ይወጣል። ያለቀ ክዳን ያለው መኪና አዘዞ ደርሶ ሲመለስ ይፈላል፣ ጥፋቱም በሞተሩ ላይ ይለጠፋል።

ኢንጀክሽን ያለው ሞተር ከሆነ ኮምፒውተሩን፣ ሙሉ ሽቦውን፣ ሴንሰሮቹን፣ ቁልፉንና ቁልፍ ማንበቢያውን ከአንድ መኪና በአንድ ቀን ግዙ። «ሽቦው በኋላ ይመጣል» ከተባላችሁ ውጡ።

8. ገንዘቡን በሦስት ረድፍ ጻፉ

የመጀመሪያው ረድፍ ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማ፣ የነዳጅ መስመር። ሁለተኛው ብየዳ፣ ላሜራና ቀለም። ሦስተኛው ሞተርና ከእሱ ጋር የሚመጣው። ለእያንዳንዱ ከሦስት ቦታ ዋጋ ጠይቁ፣ ከአዲስ አበባ ለሚመጣው የጭነት ክፍያ ጨምሩ፣ ድምሩ ላይ 40 በመቶ ደምሩ። ያ 40 የቅንጦት አይደለም፤ ብሎን ሲበጠስ፣ የተከፈተ ነገር ሌላ ሲያሳይ የሚሄድ ነው። ሞተሩ ብቻውን ከጠቅላላው ግማሹን ከበላ የረሳችሁት ነገር አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ፍሬን ነው። የመጀመሪያው ረድፍ በሙሉ በእጃችሁ ካልሆነ ምንም አትፍቱ።

9. ፍረዱ

ከ10ሩ 7 የራሷ ከሆነ፣ ሞተሯም በከፍታ ስሌት ጤነኛ ከሆነ፦ መልሷት። ጄት፣ ፍሬንና ቀለም ይበቃታል።

አካሏ ሙሉ ሆኖ ሞተሯ የሞተ፣ ወይም ደግሞ ውሳኔው ልባችሁን የከፈለው ከሆነ፦ ሳይቆረጥ ማሻሻል። ከራሷ ቤተሰብ የሆነ ሞተር፣ የፊት ዲስክ፣ 12 ቮልት። ሁሉም በብሎን የሚገባ ይሁን፤ አንድም ቀዳዳ አዲስ አትብሱ። በዓመቱ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ወደ ኋላ መመለስ ትችላላችሁ። ብዙ ሰው እዚህ ያርፋል፣ እኛም የምናዳላው ለዚህ ነው።

ሙሉ ሆት ሮድ የሚፈቀደው እነዚህ አንድ ላይ ሲገኙ ነው፦ የራሷ የሆነው 4 ወይም ያነሰ፣ የሻንሲ ልዩነቱ ከ10 ሚሊ ሜትር በታች፣ ማሰሪያዎቿ ያልበሰበሱ፣ የትራንስፖርት መልስ በጽሑፍ የተገኘ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ገንዘብ ያለ። አንዱ ከጎደለ እሱ እስኪሟላ ጠብቁ።

ሰው ደጋግሞ የሚሳሳትባቸው

ሞላ በጋዝ መቁረጥ። እሳቱ የብረቱን ጥንካሬ ያጠፋዋል፣ በወራት ውስጥ ይቀመጣል ወይም ይሰበራል። ዝቅ ማድረግ የግድ ከሆነ ለዚያ የተሠራ ሞላ ግዙ።

የመሪ ዘንግ ወይም የመሪ ክንድ መበየድ። ጥሩ በያጅም ቢሆን አይሆንም። ብየዳው ሲሰነጠቅ ከውጭ አይታይም፣ ሲበጠስ ደግሞ መሪው እጃችሁ ላይ በባዶ ይዞራል።

ባትሪ ሳይነቀል፣ ሰርባትዮ (የቤንዚን ታንክ) ሳይወጣ መበየድ። ባዶ ሰርባትዮ ከሙሉው የባሰ ነው፤ የሚፈነዳው ጭሱ ነው።

ቸርኬ ቀዳዳ ሳይቆጥሩ መግዛት። የድሮዋ ቮልስ ባለ 5 ብሎን፣ 205 ሚሊ ሜትር ነች። የኋለኛዋ ባለ 4፣ 130።

ከ6 ወደ 12 ቮልት ስትሄዱ አምፖሎቹን፣ ቦቢናውን፣ የዝናብ መጥረጊያውን ሞተርና የቤንዚን ቆጣሪውን መርሳት። መጥረጊያው ለአንድ ሳምንት በጣም ጎበዝ ይሆናል፣ ከዚያ ይቃጠላል።

ስቱኮ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ መሙላት። ኮብልስቶን ያራግፈዋል።

የነዳጅ ጎማ ቱቦ ከጭስ ማውጫ አጠገብ ማሳለፍ። በብረት ቱቦ አሳልፉ፣ ጎማው መጨረሻ ላይ ትንሽ ብቻ ይሁን፣ በሁለት ፋሸታ ይታሰር።

የወጣውን ዕቃ መጣል። እያንዳንዱን ፎቶ አንሱ፣ ብሎኑን በፕላስቲክ ከረጢት ከነስሙ እሰሩበት፣ መስታወት አቁማችሁ እንጂ አስተኝታችሁ አታስቀምጡ፣ ኒኬሉን ዘይት ቀቡት። በወጣው ሞተር በየካንዴላው ቀዳዳ 10 ሚሊ ሊትር ዘይት ጨምሩና ካንዴላውን መልሳችሁ እሰሩ፤ ቀዳዳውን ሁሉ በጨርቅ ሳይሆን በፕላስቲክ ዝጉ፣ ጨርቅ እርጥበት ይይዛል። ከዚያ ከእንጨት ላይ አስቀምጡትና ቤት ላለው ሰው ሁሉ ንገሩ፦ ቁራሌው ቢመጣ ይህ ብረት አይሸጥም፣ ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር ያለው እዚህ ላይ ነው።